የሱዳን ጦርነት ያገባናል

እህቶቼ፣ «የሱዳን ጦርነት ለኛ ምናችን ነው?» የሚል ወሬ እሰማለሁ። እኔ ግን ያገባናል ባይ ነኝ። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሸው ወገናችን ሱዳን ገባ። በሚያዝያ 2015 ካርቱም ስትነድ ደግሞ ሱዳናውያኑም፣ እዚያ በሰው ቤት ይሠሩ የነበሩ እህቶቻችንም በመተማ ወደኛ ሸሹ። በዚያው ክረምት አማራ ክልል ውስጥም ውጊያ ተነሣ፤ ኩመርና አውላላ የተጠለሉ ስደተኞች ተዘረፉ፣ የተገደሉም አሉ። በድንበሩ ግራና ቀኝ ጠመንጃ ሲበዛ መንገዱ የአጋችና የደላላ ይሆናል።

ስለዚህ ከፈርዋኒያም ከሳልሚያም ሐዋላ የምንልክ ሁሉ፣ ታናሽ እህታችን «በመተማ ልውጣ» ብላ የደላላ ስትጠይቀን እሺ አንበል። በዚያው ብር እዚያው ሠፈሯ ጀበና ቡና ትጀምርበት። ብትታገት ማስለቀቂያውን የምንከፍለው ያው እኛው ነን።