ጅራፉን እቤት ተወው

ባለፈው ነሐሴ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሐረር መጣ። የቡሄ ሰሞን ስለነበር ከቦርሳው መጀመሪያ ያወጣው ጅራፍ ነው። ከቃጫ የተገመደ፣ ጫፉ ላይ በደንብ የቀጠነ፣ ሲያጮሁት ሰፈር የሚያናውጥ። «እዛ ጅቦቹ ፊት አንዴ ባጮኸው ቪዲዮው ይፈነዳል» አለኝ። እኔ አቦከር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ልጅ ሆኜ ማታ ማታ ጅብ ሲያጓራ እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። «አይሆንም» ማለት ሲገባኝ ሳቅኩ። ቀራጩም እኔው ሆንኩ። ከዚህ በታች የምሳደበው ሰው ውስጥ እኔም ስላለሁበት ነው ይህን አስቀድሜ የምናገረው።

ባጃጅ ይዘን ፈላና በር ወረድን። መሽቷል። መጋቢው ቅርጫቱን ከጎኑ አድርጎ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ የባጃጆቹ መብራት ያበራለታል፣ አምስት ስድስት ጅብ ከጨለማው ወጣ ገባ ይላል። አንዲት ልጅ ተንበርክካ ሥጋ የተንጠለጠለባትን አጭር እንጨት በጥርሷ ይዛለች፤ አባቷ ከኋላ ያነሳታል። የአጎቴ ልጅ ጅራፉን አጮኸ።

ጅቦቹ ተበተኑ። አንዷ ግን ስትሸሽ በልጅቷ ትከሻ በኩል አለፈች፤ ልጅቷ በጎኗ ወደቀች፣ ቅርጫቱ ተገለበጠ። ማንም አልተነከሰም። መጋቢው አልጮኸም፣ አልተሳደበም። የፈሰሰውን ሥጋ እየለቀመ ለአጎቴ ልጅ እንዲህ ብቻ አለው፦ «ልጄ፣ አንተ ነገ ትሄዳለህ። እኔ ነገም እዚሁ ነኝ።»

ከዚያ ማታ ጀምሮ «ተገርተዋል» የሚለውን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ማን ገራቸው? ጅብ እኮ አልታሰረም፣ አጥር የለውም፣ ደሞዝ አልተቆረጠለትም። ከ50 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ አጥንት እንደ ቆሎ የሚቆረጥም አውሬ በራሱ ፈቃድ ይመጣል፣ በራሱ ፈቃድ ይሄዳል። እዚያ መሬት ላይ ያለው ነገር ስምምነት ነው። በየማታው የሚታደስ፣ በአንድ ማታ ስህተት ሊፈርስ የሚችል ስምምነት። ስሙን «ትርኢት» ያልነው እኛ ነን።

የመጋቢውን ዕቃዎች ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ አይደሉም፤ ቅርጫት፣ እንጨት፣ ሥጋ፣ ድምፅ። ቅርጫቱ ሁልጊዜ ከጎን ነው፤ ጅቡ የምግቡን ምንጭ እያየ ግን መጋቢውን አልፎ እንዳይደርስበት። እንጨቷ ደግሞ ጅብ መምቻ አይደለችም። ሥራዋ እጅንና ሥጋን መለየት ነው፦ «የምትነክሰው ይሄን ነው፣ ይሄኛው የኔ ነው» የምትል ዓረፍተ ነገር ናት። እንግዳው አፍ ላይ የምትገባውም ለዚሁ ነው። ሥጋውን አንዴ ካቀረብክ አትመልሰውም። አትስቅበትም፣ አታስጎመዠውም። ካታለልከው በሚቀጥለው ጊዜ እንጨቱን ትቶ እጅህን ይፈትሻል። መብራት ዓይኑ ላይ አታበራም። ከመጣበት ጨለማና ከጅቡ መካከል አትቆምም፤ መውጫ ያጣ ጅብ ሌላ ጅብ ነው። ድምፅ ደግሞ ዝቅ ያለ፣ አንድ ዓይነት፣ በየማታው ያው።

ተራም አለ። በዚህ ዝርያ ሴቶቹ ናቸው አለቆቹ፤ ግልገል ማዕረጉን ከእናቱ ይወርሳል። ወንዱ ግርማ ሞገስ ያለው መስሎህ ሥጋ ብትወረውርለት ጠብ አስነሳህ ማለት ነው። መጋቢው ይህን በመጽሐፍ አልተማረም። ዩሱፍ ሙሜን ዓለም በጅብ መጋቢነት አውቆታል፤ ልጁ አባስ ዩሱፍ ሥራውን ከአባቱ ነው የተማረው። ማርከስ ቤይንስ-ሮክ የተባለ ተመራማሪ ደግሞ ሐረር ኖሮ፣ ሌሊት በየጠባቡ መንገድ ጅብ ተከትሎ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ስለዚህ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። እሱ ይህን ያህል ደክሞ ያጠናውን እኛ በ15 ሰከንድ ልንጨርሰው እንፈልጋለን።

ጅራፍ ካነሳን አይቀር፣ አውሬና ጅራፍን በሥርዓት ያገናኙ ሰዎች እንግሊዞች ናቸው። ቀበሮ ሲያድኑ ከአዳኙ ጋር ውሾቹን የሚያግድ ረዳት አለ፤ «ዊፐር ኢን» ይሉታል። ጅራፉ እጀታው ላይ ከፈረስ ሳይወርዱ የአጥር በር መክፈቻ ቆልማማ ቀንድ አለው፤ ከዚያ ረጅም ቆዳ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የምትጮኸው ጅማት። (የእንግሊዝ ፓርላማ የፓርቲ አባላትን የሚሰበስበውን ሰው «ዊፕ» የሚለው ከዚህ ወስዶ ነው። የኛው «የመንግሥት ተጠሪ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ያው ጅራፍ ሆኖ ቁጭ ይላል። እንደራሴዎቻችን ይህን ያውቁ ይሆን?) አደኑን አላደንቅም፤ መጨረሻው በውሾች የተቦጫጨቀ ቀበሮ ነው። እንግሊዝና ዌልስም በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ በውሻ ማደንን ከልክለዋል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እዚያ ጅራፍ የያዘው ሁሉ አያጮህም። ሥራው የሆነለት ሰው ነው የሚያጮኸው። ሌላው ፈረሰኛ ውሾች በአጠገቡ ሲያልፉ ፈረሱ እንዳይረግጥ ፊቱን ወደነሱ አዙሮ፣ አፉን ዘግቶ ይቆማል። ለመዝናኛ ግድያ እንኳ እንግዳ ቦታውን ያውቃል። እኛ ግን ማንንም ለማይገድል፣ ለሚያበላ ሥርዓት ይህን ያህል ጨዋነት አጣን።

«ከፍለናል እኮ» የሚል አለ። ከፍለሃል። የከፈልከው ለመጋቢው ድካምና ለሥጋው ነው፤ ጅቧ ደረሰኝ አልቆረጠችልህም። የአማርኛ ተረት ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይላል። ፈላና በር ላይ ቁርበት አንጥፉልኝ ባዩ ማን እንደሆነ አስቡት።

«እንግዲያው ጨርሶ ይከልከል፣ አውሬ አይመገብም» የሚሉም አሉ። አብዛኞቹ የእንስሳት ወዳጆች ናቸው፣ ስጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ግን ሐረርን ሌላ ከተማ አድርገው ነው የሚያስቡት። የጀጎል ግንብ ላይ ለጅብ ተብሎ የተተወ ቀዳዳ አለ፤ ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል ይሉታል። ጅብ በዚያ ገብቶ የከተማውን አጥንትና ቅሪት ይጠርጋል፤ ጂን ያባርራል ብለውም የሚያምኑ ብዙ ናቸው። በሙሐረም 10፣ በአሹራ፣ ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርብለታል፤ ጅቦቹ በደንብ ከበሉ ዓመቱ የጥጋብ ነው ይባላል። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያ ቀዳዳ ቆይቶ ነበር። ጅብ ከሐረር ጋር የሚኖረው መጋቢው ስለጠራው ብቻ አይደለም። መጋቢውን ብታስነሱት ጅቡ ይቀራል፤ የሚጠፋው በመካከል ሆኖ የሁለቱን ቋንቋ የሚያውቀው ሰው ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ክልከላው አይደለም። አንድ ማታ፣ አንድ ጅራፍ ወይም አንድ ፍላሽ፣ አንድ የተነከሰ ሕፃን። ከዚያ በኋላ ማን ጅቧን ይሰማታል? በማግስቱ በሥጋ ውስጥ መርዝ የሚያኖር አይጠፋም፤ ቪዲዮ የቀረጸው ልጅ ደግሞ «አውሬ እንዴት ከተማ ውስጥ ይለቀቃል» ብሎ ሌላ ቪዲዮ ይሠራል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል የሚባለው ይሄው ነው።

ስለዚህ ስትመጡ፣ ኑ እንጂ፣ መጋቢው ተቀመጥ ሲላችሁ ተቀመጡ። ቁም ካላላችሁ አትቁሙ። ልጆቻችሁን ካልፈለጉ አታስገድዷቸው፤ የሚያለቅስ ልጅ አፍ ውስጥ እንጨት መክተት ጀግንነት አይደለም። ፍላሹን አጥፉ። አንድ ጥሩ ፎቶ ይበቃችኋል፣ ሁለተኛው ለማንም አይጠቅምም።

የአጎቴ ልጅ ቪዲዮውን ለጥፎታል። ሥሩ «ጀግና» የሚል ሞልቷል። አጥፋው ብዬው ተኳርፈናል። ጅራፉን ረስቶት ስለሄደ እኔ ቤት በር ኋላ ተሰቅሏል፤ ሁለት ጊዜ ላክልኝ ብሎ ደውሏል፣ እስካሁን አልላክሁለትም።

ባለፈው ወር ሁለት ጓደኞቼን ይዤ ተመልሼ ሄጄ ነበር። መጋቢው በባጃጁ መብራት ፊቴን ትንሽ ቆይቶ አየና ለየኝ። ሰላምታም ሳይሰጠኝ ቅርጫቱን ወደ ጎኑ ሳብ አድርጎ «ዛሬስ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» አለ። ባዶ እጃችንን አሳየነው። ከዚያ በኋላ ነው ከጎኑ ቦታ የለቀቀልን።