ደቻቱ ብቻውን አይከሰስ

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ደቻቱን ከወንዝ አይቆጥረውም። አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ አሸዋ ነው። በልጅነታችን ኳስ የተጫወትነው እዚያ ነው፤ ከመጋላ ወደ ከዚራ ስንሻገርም ድልድይ ፍለጋ አንዞርም፣ አሸዋውን ረግጠን ማለፍ ነው። እንግዳ መጥቶ "ወንዙ የታለ?" ሲለን እንስቅ ነበር።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ግን፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ ያ አሸዋ ወንዝ ሆነ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤት አልባ ሆኖ ቀረ። እኔ ያኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። ትዝ የሚለኝ እናቴ በማግስቱ በር ላይ ቆማ የሚያልፈውን ጎረቤት ሁሉ "ሁላችሁም ደህና ናችሁ?" እያለች ስትጠይቅ ነው።

ስለዚያ ሌሊት ሲወራ አንድ አባባል አይጠፋም፤ "የተፈጥሮ አደጋ"። የዛሬው ክርክሬ ከዚህ አባባል ጋር ነው።

እስቲ መጀመሪያ የተፈጥሮን ድርሻ እንስጣት። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከበስተደቡቧ ያለው የሐረርጌ ደጋ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በደንገጎ ዳገት በመኪና የወጣ ያውቀዋል፣ ጆሮ ይደፍናል። ዝናቡ እዚያ ላይ ሲያወርደው አፈሩ ለመምጠጥ ጊዜ አያገኝም። ውኃው ቁልቁል ይንደረደራል፣ ፈፋው ከፈፋ ይገናኛል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከተማ ይደርሳል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ይሄን ማንም አልሠራውም፤ የመሬቱ አቀማመጥ ነው።

የቀረው ግን የእኛ ሥራ ነው። ዛፍና ሣር ያለው ተራራ ዝናቡን ያዘገየዋል፣ ቀስ አድርጎም ወደ መሬት ያሰርገዋል። ዛፉ ለከሰልና ለማገዶ ሲቆረጥ፣ ተዳፋቱም ሲታረስ፣ ያው ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ባንዴ ይወርዳል። አፈሩና ድንጋዩ ታች ወንዙ ውስጥ ይከማቻል፣ ወንዙ ጥልቀቱን ያጣል፣ ቀጣዩ ጎርፍ መሄጃ ሲያጣ ወደ ጎን ይወጣል። ጎን ላይ ያለው ደግሞ የሰው ቤት ነው። በዚያ ላይ ከተማው በአስፋልትና በቆርቆሮ ተሸፍኗል፤ ቱቦውን በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ የምንደፍነውም እኛው ነን።

ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ስንማር "ኤክስተርናሊቲ" የሚሉት ነገር ነበር። ባጭሩ አንዱ ይጠቀማል፣ ሒሳቡን ሌላው ይከፍላል። ደጋ ላይ ከሰል የሚያከስለው ገበሬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለልጁ ደብተር የሚገዛው በዚያች ብር ነው። ከሰሉን የምንገዛውም እኛ ከተሜዎቹ ነን። ግን በአንድ ማዳበሪያ ከሰል ዋጋ ውስጥ የጎርፉ ሒሳብ የለም። ወንዝ ዳር የተከራየውም እንደዚያው ነው። "ለምን እዚያ ሰፈረ?" ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። የሰፈረው ሌላ ቦታ ኪራይ ስለማይቀመስ ነው። ርካሽ የመሰለውን ቤት ቀሪ ዋጋ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ይቀበለዋል።

ከ1998ቱ አደጋ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ጠቅሟል፣ አልክድም። ግን ግንብ ሰውን ያዘናጋል፤ "አሁንማ ታጥሯል" ብለን ይበልጥ እንጠጋዋለን። ግንቡ ታች የደረሰውን ውኃ ይገፋል እንጂ ላይ የተነሳውን አያስቆምም። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ድሬ ዳግመኛ በጎርፍ ሰው አጥታለች።

ታዲያ ምን ይሻላል? የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፤ ከተማዋ ለደጋው ገበሬ ትክፈል። ከዓመታዊ በጀቷ ቀንሳ እርከን ለሚሠራ፣ ዛፍ ተክሎ ለሚያጸድቅ፣ ተዳፋቱን ከከብትና ከማረሻ ለሚያሳርፍ ሰው የሚሰጥ ቋሚ ክፍያ ትመድብ። ችግኝ ተክሎ ፎቶ መነሳት አይበቃም፤ ክፍያው ችግኙ ጸድቆ ሲታይ ይሁን። "ደጋው እኮ ኦሮሚያ ክልል ነው፣ የእኛ ብር ለምን ወደ ሌላ አስተዳደር ይሄዳል?" የሚል አይጠፋም። ውኃው ወሰን ሲያቋርጥ ማንንም አላስፈቀደም። ደግሞም አሁን እየከፈልን ነው። ድልድይ ስንጠግን፣ ለተፈናቀለ ድንኳን ስንተክል፣ ሰው ስንቀብር እንከፍላለን። ቀድሞ መክፈል ይረክሳል።

ይሄ እስኪሆን እኛ ስልክ የያዝን ልጆች አንድ ነገር እንችላለን። ጎርፍ ሲመጣ ቪዲዮ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መጫን ለምደናል። ግን ያኔ ውኃው ደርሷል። ደንገጎና ከዚያ በላይ ዘመድ ወይም ጓደኛ የሌለው የድሬ ልጅ ስንት ነው? እዚያ ሰማዩ ሲጠቁር የምትደወል አንዲት ስልክ ወንዝ ዳር የተኛን ቤተሰብ ታስነሳለች። ዛሬውኑ የሰፈራችሁን ልጆችና የደጋ ዘመዶቻችሁን ያካተተ የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ። እናቴ በማግስቱ የጠየቀችውን ጥያቄ እኛ ጎርፉ ሳይደርስ እንጠይቅ።