ከወለድ ነፃ ለሚቆጥቡ፦ ድርሻዎን ይጠይቁ



አክስቴ በወዲዓ ስምንት ዓመት ስትቆጥብ፣ ሙዳረባ የሚባል ሒሳብ መኖሩን የነገራት ሰው አልነበረም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይኸው ነው። እርስዎም ከወለድ ነፃ ደብተር ካለዎት ገልጠው ስሙን ያንብቡ። ወዲዓ አደራ ነው፤ ባንኩ ሳያጎድል ይመልሳል እንጂ ትርፍ አይጠየቅበትም። ሙዳረባ ግን ሽርክና ነው፤ ገንዘቡ ከእርስዎ፣ ሥራው ከባንኩ። የተገኘውን ትርፍ በውሉ መሠረት ትካፈላላችሁ። ባንኩ ሳያጠፋና ሳይዘናጋ ኪሳራ ከመጣ ግን ገንዘቡ የሚጎድለው ከእርስዎ ነው፤ ባንኩም ድካሙ ከንቱ ይቀራል። ለዚህ ነው ባንኩ የመካፈያውን ድርሻ እንጂ የትርፉን መጠን አስቀድሞ ቆርጦ የማይነግርዎ።

መጠኑን ከፍና ዝቅ ከሚያደርጉት ሁሉ እኔ አስቀድሜ የማየው ሥራ የፈታውን ገንዘብ ነው። እንበል፣ ቆጣቢው 60፣ ባንኩ 40 ሊካፈሉ ተዋውለዋል። ከ100 ብር 70ው ሥራ ላይ ውሎ በ15 በመቶ ቢያተርፍ ትርፉ 10.50 ብር፣ የቆጣቢው ድርሻ 6.30 ነው። 90ው ቢሠራ ግን 8.10 ይደርሳል። ውሉ ያው፣ መካፈያውም ያው ነው። ሌሎች ባንኮች የተረፋቸውን ገንዘብ የግምጃ ቤት ሰነድ ይገዙበታል፤ ሰነዱ ወለድ ስላለበት ከወለድ ነፃው ባንክ ይህን አያደርግም፤ ስለዚህ የተረፈው ሥራ ፈትቶ ይቀራል።

ሌላው ሙራበሃ ነው። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ ትርፉን ጨምሮ፣ በዱቤ ይሸጣል፤ ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ አይነካም። ገበያው ቢንርም የአምናው ውል በአምናው ዋጋ ስለሚቀጥል፣ የቆጣቢው ትርፍ ገበያውን ዘግይቶ ይከተለዋል። የቆይታ ጊዜም ይቆጠራል፦ ለዓመት የታሰረ ገንዘብ በማንኛውም ቀን ከሚወጣው የበለጠ ድርሻ ያገኛል። አንዳንድ ባንኮች ደግሞ በደጉ ጊዜ ከትርፉ ቆንጥረው ለክፉው ጊዜ ያስቀምጣሉ። ይህን አልቃወምም፤ ነገር ግን ስንት እንደተቆነጠረ የገንዘቡ ባለቤት ማወቅ አለበት።

በአገራችን ከወለድ ነፃ አገልግሎት መጀመሪያ የተፈቀደው በመደበኛ ባንኮች ውስጥ በሚከፈት መስኮት ነበር። ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ በሩን የከፈተው ሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። ደብተርዎ የመስኮት ከሆነ፣ ገንዘብዎ ከወለዱ ገንዘብ ተለይቶ መያዙን ይጠይቁ። ከዚያ መካፈያው ስንት በስንት እንደሆነ፣ ካለፈው ዓመት ገንዘብ ስንቱ ሥራ ላይ እንደዋለ፣ ለመጠባበቂያ ስንት እንደተነሳ በጽሑፍ ይስጡኝ ይበሉ። አክስቴ ባለፈው ወር ጠይቃ ወረቀቱን ተቀብላለች።