ደረሰኝ የሌለው ግብይት፦ የጨዋታ ገንዘብን በእውነተኛ ገንዘብ ስለመግዛት

በሞባይል ጨዋታዎች ውስጥ የሚያገለግለውን ገንዘብ በእውነተኛ ገንዘብ መግዛት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ዓመታትን አስቆጥሯል። አንደኛው ወገን «ገንዘቡ የተጫዋቹ ነው፤ ቢዝናናበት ማንን ይጎዳል?» ይላል። ሌላው ወገን ጨዋታው የችሎታ መሆኑ ቀርቶ የኪስ ፉክክር ይሆናል፣ ልጆችንም ሳይታወቃቸው ለወጪ ይዳርጋል ሲል ይሞግታል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ሁለቱም ወገኖች ገዥው ከማን፣ በስንትና በምን ውል እንደገዛ ያውቃል ከሚል ግምት ይነሳሉ። በአገራችን የጎደለው ግን ይኸው ዕውቀት ነው።

በመጀመሪያ የአሠራሩን ጠባይ እንመልከት። ፐብጂ ሞባይል «ዩሲ»፣ ፍሪ ፋየር ደግሞ «ዳይመንድ» የተባለ የውስጥ ገንዘብ አላቸው። ዩሲ የሚሸጠው በጥቅል ነው፤ የተለመደው ትንሹ ጥቅል 60 ዩሲ ሲሆን ዋጋው 0.99 ዶላር፣ 660ው ደግሞ 9.99 ዶላር ነው። ተጫዋቹ የሚፈልገው ልብስ ወይም የመሣሪያ ቀለም ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከጥቅሉ መጠን ጋር ስለማይገጥም ትርፍ ይገዛል፤ የተረፈችው ጥቂት ዩሲም ሌላ ጥቅል ለመግዛት ትገፋፋለች። ከዚህም በላይ በዩሲ የተጻፈ ዋጋ ምን ያህል ገንዘብ እንደወጣ ለማስላት አያመችም። የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች ጥበቃ ተቋማት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ባወጡት የጋራ መርሕ የዕቃው ዋጋ በእውነተኛ ገንዘብ ጭምር በግልጽ እንዲታይ፣ ተጫዋቹም የማይፈልገውን ጥቅል እንዲገዛ እንዳይገደድ የጠየቁት ስለዚህ ነው።

ለኢትዮጵያዊ ተጫዋች ግን መጋረጃው ድርብ ነው። ጨዋታው ዋጋውን የሚተምነው በዶላር ሲሆን፣ የብር ሒሳብ ብቻ ያለው ተማሪ በዶላር በቀጥታ መክፈል አይችልም። ስለዚህ በቴሌግራም የሚያስተዋውቅ አገናኝ ይፈልጋል፤ የመጫወቻ መለያ ቁጥሩን ይልካል፤ ብሩን በቴሌብር ያስተላልፋል፤ ከዚያም ዩሲው እስኪገባለት ይጠብቃል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ ይፋዊው የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር አልፏል። የጥቅሉ የዶላር ዋጋ ባይለወጥም የብሩ ሒሳብ እጥፍ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አገናኙ በይፋዊው ተመን ይሁን በጎንዮሽ ገበያው፣ ለራሱስ ስንት ጨምሮ እንዳሰላ ገዥው የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ይህ ልዩነት መብትን ይነካል። ኤፒክ ጌምስ የተባለው የፎርትናይት ባለቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ባደረገው ስምምነት፣ ሳያስቡት እንዲገዙ ለተገፋፉ ሸማቾች ተመላሽ የሚሆን 245 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ይህ ሊሆን የቻለው ክፍያው በካርድና በመዝገብ የተፈጸመ፣ ሻጩም የታወቀ ስለነበረ ነው። እኛ ዘንድ በወላጁ ስልክ ዩሲ የገዛ የ14 ዓመት ልጅ የሚያቀርበው ማስረጃ ወደ ግለሰብ ስልክ ቁጥር የተላከ የብር መልእክት ብቻ ነው። ዩሲው በተሰረቀ ካርድ የተገዛ ሆኖ ቢገኝና ኩባንያው ቢነጥቀው፣ የሚከስረው ልጁ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ቅርብ ነው። በቃላሚኖ የልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲ ግቢ ይገኛሉ፤ ከቤተሰብ በሚላክ ገንዘብ የሚኖር ተማሪ የሚበዛበት ሥፍራ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. በአገር ደረጃ ሥራ ሲጀምር ትግራይ በጦርነት ላይ ነበረች፤ የስልክና የባንክ አገልግሎት ወደ መቐለ መመለስ የጀመረው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በ2015 ዓ.ም. ነው። በስልክ መክፈልን ዘግይቶ ለጀመረ ማኅበረሰብ «ደረሰኝ አምጣ» የማለት ልማድ ገና ሥር አልሰደደም።

ታዲያ ይከልከል? ለክልከላ የሚቀርበው ጠንካራ መከራከሪያ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነው፤ ለመድኃኒት ያጠረ ዶላር ለጨዋታ ልብስ መዋል የለበትም ይባላል። ሆኖም ግብይቱ አሁንም ቢሆን የሚካሄደው ከባንክ ውጭ ነው፤ ክልከላ ይበልጥ ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። የተጫዋቹም መከራከሪያ ሚዛን ይደፋል። ጨዋታው በነጻ የሚቀርበው ጥቂቶች ስለሚገዙ ነው፤ ምንም የማይከፍለው ተማሪ የሚጫወተውም በእነዚሁ ገዥዎች ወጪ ነው። መለየት ያለበት ምን እንደሚገዛ ታውቆ የሚፈጸም ግዢና በዕጣ የሚወጣ ሣጥን ናቸው። የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 በገንዘብ የሚገዙ የዕጣ ሣጥኖችን ከቁማር ሲመድብ ጨዋታዎቹን በጅምላ አላገደም።

ስለዚህ መነሻው ግብይቱን ወደ ብርሃን ማውጣት ሊሆን ይገባል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዋጋ እንዲገለጽና ደረሰኝ እንዲሰጥ ይደነግጋል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። በእነዚህ መሠረትነት ሦስት እርምጃዎች መውሰድ ይቻላል። አንደኛ፣ ዩሲና ዳይመንድ የሚሸጡ ሰዎች በንግድ ስም ተመዝግበው በቴሌብር የነጋዴ ሒሳብ እንዲቀበሉ፤ ሁለተኛ፣ የጥቅሉን ዋጋ፣ የምንዛሪ ተመኑንና የራሳቸውን ክፍያ ለያይተው በብር እንዲያሳውቁ፤ ሦስተኛ፣ የዕጣ ሣጥን 18 ዓመት ላልሞላው እንዳይሸጥ።

ለእኛ ለተመራማሪዎች የሚቀረው ሥራ መለካት ነው። ተማሪው በወር ስንት ብር ያወጣል? ከይፋዊው ተመን በምን ያህል አስበልጦ ይከፍላል? ስንቱስ ከፍሎ ሳይቀበል ቀርቷል? የሕግ፣ የኢኮኖሚክስና የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች በአንድ መጠይቅ ተባብረው ሊመልሷቸው የሚችሉ ጥያቄዎች ናቸው። መልሱ በቁጥር እስካልቀረበ ድረስ አንዱ «የልጆች ጨዋታ ነው» እያለ፣ ሌላውም «ትውልድ ጠፋ» እያለ ይቀጥላል፤ ገንዘቡም ያለ ደረሰኝ መተላለፉን አያቆምም።