ባሕር ላይ ያለ ሰው "ቀሪ" ነው ወይ?

ዛሬ ስለ ፈተናም ስለ ደመወዝም አይደለም የምጽፈው። ስለ ማኅበራችን ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና እስኪፈላ አንብቡት። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ አሁን መርከብ ላይ ያላችሁ፣ እናንተ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ የእናንተው ጉዳይ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት አባቴ ባሕርተኛ ነበር። ምጽዋ፣ ማሽን ክፍል። ግንቦት 1983 ላይ የቀሩት መርከቦች ቀይ ባሕርን አቋርጠው ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ሲወጡ እሱም አብሮ ወጣ። እኔ ያኔ ዳዴ ከማለት ብዙም ያላለፍኩ ልጅ ነበርኩ። ተመልሶ ሲመጣ ባሕርም የለ፣ መርከብም የለ፣ ሥራም የለ። እዚህ ባሕር ዳር ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ውኃውን ሲያይ "ይሄ እኮ ጨው የለውም" ይል ነበር። ቀልዱ መሆኑ ነው። እኛ ግን ሳቅ አይመጣልንም ነበር።

እንደ እሱ ያሉ የቀድሞ ባሕር ኃይል አባላት ተፈላልገው ማኅበር መሠረቱ። መጀመሪያ እሑድ እሑድ ቡና መጠጣት ነበር፣ ሌላ ነገር የለውም። ስለ ምጽዋ ሙቀት፣ ስለ ዳህላክ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለባሕር ኃይል ቀን ሲወርዱና የውጭ አገር መርከቦች ወደቡን ሲሞሉት ስለነበረው ነገር ማውራት። ከዚያ ከመካከላቸው አንዱ ሞተ። ከሌላ ቦታ መጥቶ የሰፈረ ስለነበር ዕድር አልነበረውም። ድንኳን በልመና ተገኘ። ከዚያ ቀን በኋላ ማኅበሩ ግማሹ የቡና፣ ግማሹ የቀብር ሆነ። ደንብ ተጻፈ፣ መዋጮ ተቆረጠ፣ ድንኳንና ወንበር ተገዛ፣ ትልልቅ ድስቶች ተገዙ።

አባቴ ሲያርፍ ቦታውን እኔ ያዝኩ። ኮምፒዩተር መጻፍ ስለምችል ወዲያው ጸሐፊ አደረጉኝ። (መምህር ስትሆን የትም ብትሄድ ቃለ ጉባዔ መያዝ ያንተ ዕጣ ነው፣ መምህራን ታውቁታላችሁ።) ጸሐፊነት ማለት ስብሰባ ላይ ስም መጥራት ነው። "አለሁ" ያለውን ምልክት ማድረግ፣ የቀረውን በቀይ መጻፍ። ክፍል ውስጥ የምሠራውን እሑድም ደገምኩት።

ታዲያ ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ ነገር መጣ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማሪታይም ተቋም በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የተመረቁ ልጆችን እያሠለጠነ ወደ ዓለም አቀፍ የንግድ መርከቦች መላክ ከጀመረ ቆይቷል። ከእነዚህ መካከል እኔ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ያስተማርኳቸው አሉ። የአባቶቻችን ቁጥር በየዓመቱ ይቀንሳል፤ ድንኳኑን የሚሸከም ትከሻ እየጠፋ ነው። ስለዚህ "ልጆቹን እናስገባ" አልኩ። ክርክር ነበር። አንዳንዶቹ "እነሱ የነጋዴ መርከበኞች ናቸው፣ እኛ ወታደሮች ነበርን" አሉ። በመጨረሻ ግን ፔቲ ኦፊሰር የነበሩ አንድ አባት ተነሥተው "ማዕበል ማዕረግ አይጠይቅም" አሉና አለቀ። አሥራ አንድ ወጣቶች ገቡ።

ያ ወቅት ደስ ይል ነበር። ግድግዳችን ላይ "ኢትዮጵያ" የተባለችው መርከብ ፎቶ አለ፤ አሜሪካኖች በ1954 ዓ.ም. የሰጡን፣ በፊት "ኦርካ" ትባል የነበረችው፣ ለባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ የሆነችው። በ1983 የመን ገብታ መጨረሻዋ ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ መሸጥ ሆነ። ከእሷ ፎቶ ሥር አንድ ነጭ ሰሌዳ ሰቀልን። የማን ልጅ በየትኛው መርከብ ላይ እንዳለ፣ መቼ እንደወጣ፣ መቼ እንደሚመለስ እጽፍበታለሁ። መርከቦች ያሉበትን ቦታ የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ አለ፤ በእሱ እየፈለግን አባቶች መነጽራቸውን አድርገው ይከተሏቸዋል። አንድ ቀን የአንዱ ልጅ መርከብ ባብኤል መንደብን ስታልፍ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ቆሙ። ሠላሳ ዓመት ያላዩት ውኃ ነዋ!

ችግሩ ደንቡ ነው። ደንባችን በሌላ ዘመን ተጻፈ። "በሦስት ተከታታይ ስብሰባ ያልተገኘ፣ መዋጮም ያላስገባ አባል ይሰረዛል" ይላል። ለቀብር የቀረ ይቀጣል። ሁሉም አባል እዚሁ ከተማ ለሚኖርበት ማኅበር ይሄ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ዕድርን ዕድር ያደረገው ይሄው ነው። ግን የንግድ መርከበኛ ኮንትራት ስድስት ወር ነው፣ ዘጠኝ ወር ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት እንኳ የሚከለክለው አንድ ሰው ያለ ፈቃድ 12 ወር እንዳይሞላው ነው እንጂ ከዚያ በታች ያለውን አይደለም። ኮሮና ጊዜማ በዓለም ዙሪያ 400 ሺህ ገደማ መርከበኞች ኮንትራታቸው አልቆ መውረጃ አጥተው ባሕር ላይ ቀርተዋል። በእኛ ደንብ ቢሆን ሁሉም በቀይ!

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ።

ከአሥራ አንዱ አንዱ ተማሪዬ ነበር። ስሙን አልጠራም። ክፍል ውስጥ ዝምተኛ፣ ደብተሩ ንጹሕ። መዋጮውን እህቱ ነበረች በስልክ የምትልክለት። እሷ ወልዳ አራስ ቤት ገባች፣ እሱ ያለበት መርከብ ላይ ኢንተርኔት የሚገኘው በስንት አንዴ ነው፣ መሐል ላይ ሦስት ወር አለፈ። ስብሰባ ላይ ስሙን ጠራሁ። ዝም። ሊቀመንበራችን "ደንቡ ምን ይላል?" አሉኝ። አነበብኩ። "እንግዲህ ደንብ ደንብ ነው" አሉ። ቤቱ ሁሉ ተስማማ። እኔም በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት። አልተከራከርኩም። እህቱ ጋ እንኳ አልደወልኩም። ያን ቀን ክፍያ ያላስገቡ ሌሎች አራት ሰዎች ነበሩ፣ ሰዓቱም ረፍዶ ነበር፣ መጨረስ ነበር የፈለግኩት።

ወር ሳይሞላው አባቱ አረፉ።

የማኅበሩ ድንኳን አልወጣም። ወንበሩም ድስቱም መጋዘን ውስጥ ቀረ። አባቶች በግላቸው ሄደው ለቅሶ ደረሱ፤ እኔም ሄድኩ፣ ከኋላ ተቀመጥኩ። የሰፈር ዕድር ነው ነገሩን የሸፈነው። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ልጁ በዋትስአፕ ደወለልኝ። ከጀርባው የሞተር ድምፅ ይሰማል። እህቱ የላከችለትን ፎቶ አይቷል። አልጮኸብኝም፣ አልወቀሰኝም። "ቲቸር፣ ድንኳኑ የማን ነው?" ብቻ ነው ያለኝ።

የእኛ ድንኳን ሰማያዊ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ሰማያዊ አልነበረም።

ምን ልበለው? "ደንብ ነው" አልኩት። "እሺ ቲቸር" አለኝና መስመሩ ተቆረጠ። አሁን ከአሥራ አንዱ መዝገብ ላይ የቀሩት ሁለት ናቸው። ሌሎቹ በቴሌግራም የራሳቸውን ግሩፕ ከፍተዋል አሉ። አልፈርድባቸውም፣ ግን ደስም አላለኝም፤ ቴሌግራም ድንኳን አይተክልም።

የአባቶቻችንን ክርክር አቅልዬ እንዳላይ። ከመካከላቸው አንዱ እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ ገንዘብ ሬሳ አይሸከምም። እነሱ በዶላር ይከፈላቸዋል፣ መዋጮው ምናቸውም አይደለም። ዕድር ማለት መገኘት ነው። ያልተገኘን ሰው እንደተገኘ ከቆጠርን የሚገኘው ሰው ሞኝ ነው ማለት ነው።" እውነታቸውን ነው። ለዚህም ነው አንዳንዶች ያመጡትን "የክብር አባል" የሚባል ነገር የምቃወመው፦ ውጭ አገር እንዳለ ዲያስፖራ ብር ልኮ ስሙ የሚመዘገብ፣ ማንንም የማያውቅ፣ ማንም የማያውቀው። እሱ አባልነት አይደለም፣ ደረሰኝ ነው።

ግን እስቲ እኔም ልጠይቅ። የዚህ ማኅበር መሥራቾች ምጽዋ በነበሩበት ጊዜ የእናቶቻቸውን ቀብር ስንቶቹ ደረሱ? አባቴ አልደረሰም። አያቴን የቀበራት ጎረቤት ነው፣ እሱ የሰማው ከአርባዋ በኋላ ነው። ይሄን ነገር እስኪሞት ድረስ ያነሣው ነበር። የባሕር ሰው ባለመገኘቱ ምክንያት የሚጎዳበትን ነገር ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ሌላው ዕድር ቢቀጣው "ባሕር አያውቁም" ይባላል። እኛስ? እኛ እኮ ስማችንም፣ ግድግዳችንም፣ ወሬያችንም ባሕር ነው!

ደግሞ ባሕሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኅዳር 2016 ላይ "ጋላክሲ ሊደር" የምትባለው መርከብ እዚሁ እኛ አባቶች በሚያውቁት ቀይ ባሕር ላይ ስትጠለፍ 25 ሠራተኞች ነበሩባት፤ የተለቀቁት ከዓመት በላይ ቆይተው፣ ጥር 2017 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ጀመሩ፣ በዚያ የሚያልፉትም አንዳንዶቹ ያሉበትን የሚናገረውን መሣሪያ እያጠፉ። የእኛ ሰሌዳ ላይ ያሉት ምልክቶች ጠፉ። የአንዱ ልጅ እናት እሑድ ጠዋት መጥታ ሰሌዳው ፊት ቆማ "መምህር፣ የኔው የት ደረሰ?" ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ሻይ ቀዳንላት፣ አባቶች ከበው አጫወቷት፣ ስለ ባሕሩ የሚያውቁትን ነገሯት፣ ተረጋግታ ሄደች። ያቺ ሴት በደንቡ መሠረት አባል አይደለችም።

የፊታችን እሑድ ስብሰባ አለ። የማቀርበው ይሄ ነው። ኮንትራት ላይ ያለ ሰው ስሙ ሲጠራ "ባሕር ላይ" ተብሎ ይመዝገብ፤ "ቀሪ" አይባል። ከመውጣቱ በፊት ተወካይ ያስመዝግብ፦ እናት፣ ሚስት፣ እህት፣ ወንድም። ተወካይዋ ትገኛለች፣ ድምፅ ትሰጣለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች። (የሟች አባላት ሚስቶች ዓመት ሙሉ ሽንኩርት ሲከትፉ ኖረው እስከ ዛሬ ድምፅ የሌላቸው መሆኑ ራሱ ሌላ ጉድ ነው፤ እሱንም አብሬ አነሣለሁ፣ ቁጣ ይጠብቀኛል።) ልጁ ለዕረፍት ሲመለስ ደግሞ ከተማ ውስጥ ባለበት ሁለትና ሦስት ወር ድንኳን ተከላና ቀብር ላይ ተራው እጥፍ ይሁን። ገንዘቡን ሳይሆን ትከሻውን ያምጣ። "የሚገኘው ሰው ሞኝ ነው" ላሉት አባት መልሴ ይሄ ነው። ማንም ሰው ደግሞ ጸሐፊው ለቤተሰቡ ደውሎ ሳያናግር ከመዝገብ አይሰረዝ። ይቺን የመጨረሻዋን ራሴ ላይ ነው የጻፍኳት።

ያልፋል ወይ? አላውቅም። ሊቀመንበራችን ደንብ ይወዳሉ፣ ወታደር ናቸው። ሁለት ሦስት አባቶች ግን ከኔ ጋር ናቸው፣ ያ ፔቲ ኦፊሰርም።

የእናንተ ሥራ እንዲህ ነው። የተሰረዛችሁም ያልተሰረዛችሁም ልጆች፣ ያላችሁበትን መርከብ ስም፣ የወጣችሁበትን ቀንና የተወካያችሁን ስልክ እስከ ቅዳሜ ማታ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ በእጄ ዝርዝር ይዤ ብገባ ይሻላል። ኔትወርክ የሌላችሁ ካላችሁ ይሄን የምታነቡ ቤተሰቦች ንገሩልኝ። ለዚያ ልጅ ደግሞ መልእክት ልኬለታለሁ፣ እስካሁን አላየውም፤ እህቱ ጋ ቅዳሜ ጠዋት ቤቷ እሄዳለሁ።