ሽባ ያደረገው ቢላዋው አይደለም

ከአዲስ አበባው ሳንሱሲ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ዳር ጅምር ፎቆች በባህር ዛፍ አጣና ታጥረው ይታያሉ። ከአጣናው ላይ የቀን ሠራተኛ ሲወድቅ ቀድሞ የሚሰማው «አንሱት!» የሚል ጩኸት ነው። ሁለት ጓደኞቹ በብብቱ ገብተው ሊያቆሙት ይሞክራሉ፤ እግሩ አልታዘዝ ሲል ወገቡን አጥፈው ባጃጅ ውስጥ ያስቀምጡታል። አንዳንዱ በዚያው ወጌሻ ቤት ይወሰዳል። ሆስፒታል የደረሰውን ደግሞ ዘመድ ከብቦ «ወገቡን እንዳታስነኩት፣ ኦፕራሲዮን ሽባ ያደርገዋል» ይላል።

ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። መካሪዎቹ ክፉ አይደሉም፤ እናትና አጎት ናቸው። የሚናገሩትም ያዩትን ነው፦ ጎረቤታቸው ኦፕራሲዮን ተደርጎ በዊልቸር ወጣ። ከመግባቱ በፊት ግን የእግሩን ጣት ያንቀሳቅስ እንደነበር የጠየቀ የለም።

ኅብለ ሰረሰር በአዋቂ ሰው አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አጥንት ግድም ያልቃል። ከዚያ በታች እግርን፣ ሽንትንና ሰገራን የሚያዙ ነርቮች እንደ ፈረስ ጭራ ተበትነው ይወርዳሉ። ከፎቅ የወደቀ ሰው አከርካሪው ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያው፣ ደረትና ወገብ በሚገናኙበት ቦታ ነው። የተሰባበረው አጥንት ወደ ውስጥ ገብቶ ነርቩን ይጫናል፤ ሰውየውን አጥፈን ባጃጅ ውስጥ ስናስገባው ደግሞ ስብራቱ ሊንሸራተት ይችላል። ሐኪሙ የሚጫነውን ያነሣል፣ ከስብራቱ በላይና በታች ብሎን አስገብቶ በብረት ዘንግ ያስረዋል። ኦፕራሲዮን የሞተ ነርቭ አያስነሣም፤ ይህን ማንም ሊሸሽግ አይገባም። ጫና ያረፈበትን ግን በጊዜ ከተደረሰለት ሊያተርፈው ይችላል። እግሩ ባይመለስ እንኳ በሽተኛው ቶሎ ቀና ብሎ መቀመጡ ለአልጋ ቁስልና ለሳንባ ምች እንዳይጋለጥ ይረዳዋል። አጥንቱ ያልተናጋ፣ ነርቩም ያልተነካ ከሆነ በቀበቶና በክትትል ሊድን ይችላል፤ ያን ጊዜ «ኦፕራሲዮን አያስፈልግም» የሚለው ያው ሐኪም ነው።

ሐኪሞቹንም ዝም ብዬ አላልፍም። ኮሪደር ላይ ወረቀት ዘርግቶ «ሽባ ሊሆን ይችላል፣ ፈርሙ» ብሎ መሄድ የዘመዱን ፍርሃት በማኅተም ማጽደቅ ነው። በሽተኛው ወደ ኦፕራሲዮን ከመግባቱ በፊት ቤተሰቡ ባለበት «ጣትህን አንቀሳቅስ» ይበሉት፤ የትኛው እግር አስቀድሞ እንደከዳው እናቱ በዓይኗ ትይ።

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ አለርት ሆስፒታል አለ፤ 907 ደውሎ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ መጥራትም ይቻላል። አምቡላንሱ ከዘገየ ጣውላ ከሳይት አይጠፋም። አራት ሰው የወደቀውን እንደ ግንድ እኩል አንስቶ ጣውላው ላይ ያጋድመው፤ ጭንቅላቱን ፎርማኑ ራሱ ይያዝ።