የኑሮ ዘዴ፦ ቆርቆሮው ላይ ያለው ቁጥር

ዛሬ ስለ ልጆቻችንና ስለ ሱቅ እንነጋገራለን። ልጆች ስንል ከ13 እስከ 19 ዓመት ያሉትን ነው። ትንንሾቹ ከእጃችን አይርቁም። እነዚህ ግን ብር ይዘው ብቻቸውን ደሴ ይሄዳሉ።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጉድ እንናገር።

መስከረም 2017 ዓ.ም. ነበር። እናታችን ከሕመም እያገገሙ ነበር። የ15 ዓመት ልጃችንን ደሴ ልከን የዱቄት ወተት አስገዛን። እኛ ደግሞ ፊደል ከቆጠርን ወዲህ ያገኘነውን ሁሉ ማንበብ እንወዳለን። ቆርቆሮውን ስናገላብጥ፣ ወተቱ የሚያበቃበት ጊዜ 03/2024 ይላል። «ገና 7 ዓመት ይቀረዋል!» ብለን ተደሰትን። ሲከፈት ግን ዱቄቱ ጓጉሏል። ሽታውም ሌላ ነው። እናታችን አንዴ ቀመሱና፣ «ልጆቼ፣ ይኼ ነገር አልጣመኝም» ብለው መለሱልን።

ቁጥሩን በትክክል አንብበነዋል። ነገር ግን የፈረንጅ ዘመን ነበር። የፈረንጆች ዓመት ከእኛ በ7 ወይም በ8 ይበልጣል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ቀንሱ። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ቀንሱ። ወሩም አንድ አይደለም። የእኛ 3ኛ ወር ኅዳር ነው። የፈረንጅ 3ኛ ወር ግን መጋቢት አካባቢ ይውላል። እንግዲህ ያ ወተት መጋቢት 2016 ዓ.ም. አብቅቶለታል። እኛ የገዛነው ከ6 ወር በኋላ ነው!

ዕቃው ላይ ሁለት ቀን ተጽፎ ከተገኘ፣ የፊተኛው አብዛኛውን ጊዜ የተሠራበት ነው። የኋለኛው የሚያበቃበት ነው። በፈረንጅ ፊደል የተጻፈውን ልጆቻችን ያንብቡልን። እነሱ ከትምህርት ቤት ያውቁታል።

ልጃችንን፣ «አንቺ እንኳ እንዴት አላየሽም?» ብለን ተቆጣናት። ዝም አለች። ቆይታ፣ «አይቼ ጠርጥሬ ነበር። ልጠይቀው ስል ባለሱቁ፣ ትገዢ እንደሁ ግዢ፣ ካልሆነ አስቀምጪው አለኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አፈርኩ» አለችን።

ይኼ ነው ያንገበገበን። ልጅቱ ማንበብ ታውቃለች። የጎደላት መጠየቅ ነው። እሱንም የነፈግናት እኛ ነን። ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ዝም በይ፣ ትልቅ ሰው ፊት አትናገሪ» ስንላት ኖረናል። ከገጠር የሄደ ልጅ ደግሞ ከተማ ሱቅ ውስጥ ሲገባ እንደ እንግዳ ነው። ጫማውን እያየ ይሸማቀቃል።

በ2006 ዓ.ም. የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። ቁጥሩ 813 ነው። ሸማች ማለት ለራሱና ለቤቱ የሚገዛ ሰው ነው። አዋጁ፣ ሸማች ስለ ዕቃው ትክክለኛ ነገር ሊነገረው ይገባል ይላል። በአክብሮት ይስተናገድ ይላል። አማረጥክ ወይም ዋጋ ተከራከርክ ተብሎ ግዛ አይባልም ይላል። ጊዜው ያለፈበት ዕቃ መሸጥም ክልክል ነው። ይህን ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። ልጅ «ሕግ አለኝ» ብሎ ሲገባ አቋቋሙ ሌላ ነው። በጨዋ ቋንቋ ይጠይቅ እንጂ ይጠይቅ።

ታዲያ ምክር ብቻ አይበቃም። ልጅ የሚለምደው በገዛ ብሩ ነው። ወንዱ ልጃችን ያሳደጋትን ዶሮ ሸጦ ጫማ ሊገዛ ፈለገ። «ኮምቦልቻ በ40 ብር ይረክሳል አሉ» አለን። አልከለከልነውም። «ከደሴ ሐረጎን ወርደህ፣ ተመልሰህ ስትወጣ የመኪናው ስንት ነው? ደምረው» አልነው። ደመረና ራሱን እከክ እከክ አደረገ። ደሴ ሦስት ሱቅ ዞሮ ገዛ። የመረጠው ጫማ ቀለሙ ለእኛ አላማረንም። ምን ይደረግ፣ የሚያደርገው እሱ ነው! ስፌቱን ግን በጣቱ ስቦ፣ ሶሉን አጥፎ ነው የገዛው።

ደረሰኝም ተቀብሎ መጣ። ይህን ከወተቱ ተማርን። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ብሬ ይመለስልኝ ማለት እንደሚችል አዋጁ ይናገራል። እኛ ግን ደረሰኝ አልያዝንም። ወተቱን ይዘን ስንመለስ ባለሱቁ፣ «ከእኔ አልገዛችሁም» አለን። ምን ይዘን እንከራከር? ያ ቆርቆሮ ዛሬ የጨው ማስቀመጫ ሆኗል። ቁጥሩ አሁንም አልጠፋም።

እስኪ ይህን ከልጆቻችሁ ጋር አስሉ። አንዱ ብስኩት 08/2025 ይላል። ሌላው 11/2025 ይላል። ሁለቱም በፈረንጅ ነው። በእኛ አቆጣጠር የትኛው ወር፣ ስንት ዓመተ ምሕረት ይሆናሉ? አንዱ 7፣ አንዱ 8 ይቀነስለታልና ተጠንቀቁ። መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት እናወጣለን።